እውነት ወይስ ተረት? «ዝም ያለ ልጅ ደህና ነው»

አቃቂ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያለወላጅ የመጡ ኤርትራውያን ልጆች አንዲት ክፍል ለሦስት ቢከራዩ፣ ጎረቤት «ጨዋ ልጆች ናቸው፤ ድምፃቸው አይሰማም» ማለቱ አይቀርም። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይኸው ምስጋና ነው።

ተረት፦ ዝም ያለ ልጅ ደህና ነው።

እውነቱ ሌላ ነው። እናቱ ስትደውል «ደህና ነኝ፣ በልቻለሁ» ይላታል፤ እንድትጨነቅ አይፈልግም። ስልኩ ሲዘጋ ግን የልቡን የሚነግረው ትልቅ ሰው አጠገቡ የለም። ያፈነው ጭንቀት በሰውነቱ በኩል ይወጣል፤ ራሱን ያመዋል፣ ሆዱን ያቃጥለዋል፣ ሌሊት በቅዠት ይባንናል፣ ቀን ሲተኛ ይውላል። ፋርማሲ ሄዶ «ጨጓራዬን» ይልና ክኒን ይዞ ይመለሳል። ጨጓራውም ይመርመር። ሕመሙ ካልለቀቀው ግን «እንቅልፍህስ እንዴት ነው? ማን አለህ?» ብሎ የሚጠይቀው ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ተረት፦ ልጅ ነው፣ ይረሳል።

በ2013ቱ የትግራይ ጦርነት ከሕፃፅ ወይም ከሽመልባ የስደተኞች መጠለያ የሸሸ ልጅ ሁለት ጊዜ ተሰዷል። የሚያመውም ያለፈው ብቻ አይደለም። የቤት ኪራይ፣ የመታወቂያ እድሳት፣ መልሱ የማይታወቅ ወደ ሦስተኛ አገር የመሄድ ጉዳይ በየቀኑ ያቆስሉታል። የጠፋበትን ዘመድ ለማፈላለግ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አገልግሎት አለው፤ ወደዚያ የሚመራው ሰው ትልቅ ነገር አደረገለት።

ተረት፦ ራሱን ስለማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን ያስገባበታል።

አያስገባበትም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን ፍርሃት ተረት ይለዋል። በእርጋታ ጠይቁት። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት፤ መድኃኒትና መርዝ ከአጠገቡ አርቁ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ውሰዱት።

«ጠበል ወይስ ሐኪም?» የሚሉም አሉ። ሁለቱም ይቻላል፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን አያቋርጥ።

ተረት፦ ጥገኝነት ጠያቂ የመታከም መብት የለውም።

የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ለስደተኛውም ለጥገኝነት ጠያቂውም አገሪቱ ያላትን የጤና አገልግሎት ፈቅዷል። የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው አማኑኤል ሆስፒታል ከቃሊቲ ሩቅ ስለሆነ መጀመሪያ በአቅራቢያው ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂድ። ትግርኛ ብቻ የሚችል ከሆነ አስተርጓሚ ይፈለግለት፤ አብሮት የሚኖረው ጓደኛው ግን አይሁን። ማታ አንድ ፍራሽ ለሚጋራው ልጅ ያልነገረውን፣ በእሱ አፍ ለሐኪም አይናገረውም።