በሙዳይ የተቀመጠው መስሚያ

ባለፈው ዓመት ለትንሣኤ በዓል አባቴን ልጠይቅ ወደ ሞጣ በሄድሁ ጊዜ፥ ከደመወዜ እያጠራቀምሁ በአዲስ አበባ ያስገጠምሁላቸው የመስሚያ መሣሪያ ከጆሯቸው ላይ አልነበረም። ብፈልግ ብፈልግ፥ በሙዳይ ውስጥ ከእናቴ የብር መስቀል ጋራ በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘሁት። «አባባ፥ ምነው አወለቁት?» ብዬ ጮኼ ብጠይቃቸው፥ «ልጄ፥ ድምፅ ሰጠኝ እንጂ ቃል አልሰጠኝም» አሉኝ። ያደረጉት አራት ቀን ብቻ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲሰሙና ሲያርሙ የኖሩ ሰው፥ ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ በሞጣ ጊዮርጊስ ማኅሌት መቆም ትተው ከደጃቸው ተቀምጠው ይውሉ ነበር።

ከአንባቢዎቻችን መካከል ለወላጆቹ ይህን ዕቃ የገዛ ወይም ሊገዛ የሚያስብ አይታጣም። ገንዘቡ ከወጣ በኋላ መሣሪያው ከሙዳይ ሲገባ፥ «ሽማግሌው እንቢ አሉ» ወይም «ዕቃው ብልሹ ነው» ይባላል። እኔ በአባቴ ጆሮ ያየሁት ግን ሁለቱንም አልነበረም።

መጀመሪያ ያስተዋልሁት ግራና ቀኙ መለዋወጡን ነው። ቀይ ምልክት ያለበት የቀኝ፥ ሰማያዊ ምልክት ያለበት የግራ ጆሮ ነው። የሚያሳያቸው ሰው ስላልነበረ አገላብጠው አድርገውታል። የሁለቱ ጆሮዎች ቀዳዳ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፥ ያለ ቦታው የገባው ይቆረቁራል፤ በሚገባ ስለማይደፍንም ድምፁ በጎን አምልጦ ወደ ማይክሮፎኑ ይመለስና ያፏጫል። ቦታቸውን ብንለውጥ ቁርቆራው ቀረ፤ ፉጨቱ ግን ጧት ጧት እየተመለሰ አስቸገረን። በኋላ ምክንያቱ ጋቢ ሆኖ ተገኘ። የሞጣ ጧት ብርዳም ነውና አባቴ እስከ ጆሯቸው ይከናነባሉ፤ ጨርቁም ማይክሮፎኑን ሲሸፍነው ያስጮኸዋል፥ ሲነካውም ያንኮሻኩሻል። ራሳቸውን ቅቤ የሚቀቡ እናቶችም ቅቤው የማይክሮፎኑን ቀዳዳ እንዳይደፍነው መጠንቀቅ አለባቸው።

ሁለተኛው ቅሬታ «የራሴ ድምፅ ከጋን ውስጥ የሚወጣ ይመስለኛል» የሚል ነበር። ይህ የብዙ ሰው ስሞታ ነው። ሰው ሲናገር ድምፁ በአጥንቱ በኩል ወደ ጆሮው ይደርሳል፤ ጆሮ በተደፈነ ጊዜ ይህ ድምፅ መውጫ አጥቶ እዚያው ይጎላል። ስለዚህ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ወደ ጆሮ በሚገባው ክፍል ላይ ትንሽ የአየር ቀዳዳ አላቸው። የአባቴን ብመለከተው በጆሮ ኩክ ተደፍኗል። ከመሣሪያው ጋራ በተሰጠን ብሩሽ ጠረግሁት፤ ውሃ አያስፈልግም፥ እንዲያውም ያበላሸዋል። ጋኑ ቀለለ እንጂ ፈጽሞ አልጠፋም።

ዋናው ነገር ግን ቃሉ ነበር። እርጅና ከድምፅ ሁሉ አስቀድሞ የሚወስደው ቀጭኑን ነው። «አ» እና «ኦ» ጎልተው ሲሰሙ «ስ»፥ «ሽ»፥ «ፍ» ይጠፋሉ፤ እንዲህ ያለው ሰው ሰዎች እንደሚናገሩ ይሰማል፥ ምን እንደሚሉ ግን አይለይም። እኔም ከሁለት ሜትር ርቀት አፌን በወረቀት ሸፍኜ «ሰማ»፥ «ሸማ» እያልሁ ፈተንኋቸው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱን በሌላው ለወጡት። ይህንን ቤት ውስጥ ማንም አያቃናውም፤ ባለሙያው በኮምፒዩተር መልሶ ሊያስተካክለው ይገባል። ድምፁን መጨመር ብቻ ጩኸትን እንጂ ቃልን አያመጣም።

የእኔም ጥፋት ነበረበት። መሣሪያው በተገጠመላቸው ዕለት በቀጥታ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ወሰድኋቸው! ለብዙ ዓመት በዝምታ የኖረ ጆሮ የወረቀት መንኮሻኮሽ፥ የሲኒና የሙቀጫ ድምፅ እንኳ ነጎድጓድ ይሆንበታል። አእምሮ እስኪለምደው ሳምንታት ይፈጃል። መጀመር የሚገባው ጸጥ ባለ ቤት ከአንድ ሰው ጋራ በመነጋገር፥ በቀን ጥቂት ሰዓት ነው፤ ገበያና ማኅበር የመጨረሻዎቹ ይሁኑ። ነገር ግን ጆሮው ከቈሰለ፥ መግል ካወጣ፥ ወይም በድንገት ከደነቈረ መልመድ የሚባል ነገር የለም፤ መሣሪያውን አውልቆ ወደ አንገት በላይ ሐኪም መሄድ ነው።

መሣሪያው ራሱ እንዴት ያለ ጥበብ ነው! ትራንዚስተር ለገበያ ሬድዮ ከመዋሉ በፊት ለጆሮ ውሏል፤ የመጀመሪያው ባለ ትራንዚስተር መስሚያ በ1945 ዓ.ም. ሲወጣ፥ የኪስ ሬድዮው የተሸጠው በ1947 ዓ.ም. ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፥ የመስማት ርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በዓለም ከ430 ሚሊዮን እንደሚበልጡ ገልጿል። በአገራችን ግን የመስማት ባለሙያ ጥቂት ነው፤ ያለውም በትልልቅ ከተማ ነው። ከሞጣ እስከ ባሕር ዳር እንኳ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና በየሳምንቱ «ትንሽ ዝቅ ያድርጉልኝ» ማለት አይቻልም።

ስለዚህ እንደ መሥሪያ ቤት ሰው ቃለ ጉባኤ ያዝሁ። «አይሰማም» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም። የጻፍሁት፥ «የእናቴን ድምፅ ከቅርብ ይለያሉ፤ የሕፃናቱን አይለዩም፤ ሳህን ሲጋጭ ያማቸዋል፤ በስተቀኝ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይቆረቁራቸዋል» የሚል ነበር። በሰኔ ተመልሰን በሄድን ጊዜ ባለሙያዋ ወረቀቱን አንብባ ወፍራሙን ድምፅ ቀነሰች፥ ቀጭኑን ከፍ አደረገች፥ የቀኙንም የላስቲክ ቆብ በአነስተኛ ለወጠችው።

አባቴ አሁን በማኅበር ላይ ያወልቁታል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲናገር አይሆንላቸውም። በጊዮርጊስ ግን ከቅኔ አቅራቢው ፊት ለፊት ይቆማሉ። ባለፈው ወር በስልክ ጠርተው፥ «ባትሪው አልቋል፤ ቡናማ ወረቀት ያለበትን ላክ» አሉኝ። እኔም ወረቀቱን ልጠው ጥቂት ደቂቃ አየር ሳያስገቡ ክዳኑን እንዳይዘጉ ብነግራቸው፥ «አትጩህ፥ ሰምቻለሁ» ብለው ዘጉት።