የመገበሪያው ስንዴ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን በኩል ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ፣ ጣርማ በር ላይ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉትን ዋሻ አልፎ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ብርዳም ተራራ ወደ ደብረ ሲና ቍልቍል ሲወርድ፣ ገና ሸዋ ሮቢት ሳይደርስ ጋቢውን ያወልቃል። ይህች የቀወት ወረዳ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1300 ሜትር ገደማ ላይ የተቈረቈረች ስለሆነች፣ በዙሪያዋ ያለው የይፋት ቆላ ማሽላውን፣ ጤፉንና ማሾውን፣ በመስኖም ሽንኵርቱንና ማንጎውን ለገበያ ያወጣል እንጂ ከጥንት ጀምሮ የስንዴ አገር ተብሎ አልታወቀም። ሆኖም በዚሁ ቆላ የሚገኙ አብያተ ክርስቲያናት ቅዳሴ በሚቀደስበት ዕለት ሁሉ ንጹሕ ስንዴ ያስፈልጋቸዋል፤ በቤተ ልሔም የሚጋገረው ኅብስት ከስንዴ እንጂ ከሌላ እህል አይሠራምና። ስለዚህ መገበሪያው ከደጋው በገበያ ወርዶ፣ በአንዱ ምእመን ገንዘብ ተገዝቶ፣ በአንዲት እናት እጅ ተለቅሞና ተበጥሮ፣ በዲያቆኑ እጅ ተቦክቶና ተጋግሮ፣ በካህኑ እጅ ወደ መንበሩ ይቀርባል። ስለ ቤተ ክርስቲያን አንድነት ሊጽፍ የተነሣ ሰው ነገሩን ከዚህ ስንዴ ቢጀምረው የሚሳሳት አይመስለኝም፤ ከገዢውም፣ ከለቃሚዋም፣ ከጋጋሪውም፣ ከቀዳሹም መካከል ሥራውን እኔ ብቻዬን ፈጸምሁት የሚል የለም፤ ከመካከላቸውም አንዱ ቢጐድል ሥራው ሁሉ ይቀራል።

ይፋት በታሪክ የታወቀ አገር ነው። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወላስማ ሥርወ መንግሥት ሱልጣኖች ከአፄ ዐምደ ጽዮን ጋር የተዋጉበት፣ የንግድ መንገዶች ከደጋው ወደ ባሕር ጠረፍ የሚወርዱበት፣ በኋላም ይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ተብሎ የኖረ ክፍል ነው። እስከ ዛሬም ድረስ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ፣ አማራው፣ አርጎባውና ኦሮሞው በአንድ ገበያ የሚገናኙበት ስለሆነ፣ ብዙዎቹ የገጠር አጥቢያዎች ምእመናን እንደ ደጋዎቹ የበዙ አይደሉም፤ በዚያም ላይ የደጋ ሰው የቆላን ወባ ይፈራ ስለነበር ካህን ወደ ቆላ ወርዶ እንዲቀመጥ ማድረግ ቀላል ነገር አልነበረም። ምእመኑ ጥቂት በሆነበት ስፍራ የእያንዳንዱ ሰው መኖርና መቅረት ወዲያው ይታወቃል። ትልቅ ከተማ ውስጥ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ መካከል የአንዱ መጕደል አይታይ ይሆናል፤ በቆላ አጥቢያ ግን እሑድ ጧት ማን እንደ ቀረ ሁሉም ያውቃል።

ይህንን ከሁሉ አብልጦ የሚያስረዳው የቅዳሴው ሥርዐት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት አምስት ልኡካን፣ ማለት ሁለት ካህናትና ሦስት ዲያቆናት፣ ካልተሟሉ ቅዳሴ አይቀደስም። ሊቃውንቱ ቢበዙ፣ ሕንፃው ቢያምር፣ ሕዝቡ ቅጥሩን ሞልቶ ቢቆም፣ አንድ ዲያቆን ከታጣ ጸሎተ ቅዳሴው ይታጐላል፤ ያም ዲያቆን ብዙ ጊዜ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ወይም ዐሥራ ሦስት ዓመት የሆነ፣ ከየኔታ እግር ሥር ንባቡንና ዜማውን የተማረ፣ በሳምንቱ ሌላ ቀን ከብት የሚጠብቅ ወይም ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ ነው። እንግዲህ የቀደሙት አበው የቅዳሴውን ሥርዐት ሲሠሩ፣ የተከበረው ሽማግሌ ካህን ያለዚያ ልጅ መቀደስ እንዳይችል አድርገው መሥራታቸውን ላስተዋለ ሰው፣ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው አንደኛ መልእክቱ ዐሥራ ሁለተኛ ምዕራፍ፣ ደካማ የሚመስለው ብልት እጅግ የሚያስፈልግ መሆኑን ያስተማረው ትምህርት በእኛ አገር በቃል ብቻ ሳይሆን በተግባር እንደሚፈጸም ይገለጥለታል።

መጽሐፈ ቅዳሴውም ራሱ ካህኑ የሚለውን፣ ዲያቆኑ የሚለውን፣ ሕዝቡም የሚለውን ለይቶ የጻፈ ነው። ካህኑ ድምፁ እንደ መለከት የሚያስተጋባ ቢሆን እንኳ የሕዝቡን ተሰጥዎ እርሱ ራሱ ሊመልስ አይገባውም፤ ሕዝቡም የካህኑን ድርሻ አይቀማም። በዘመናችን በብዙ አጥቢያ ምእመናን በቅዳሴ ጊዜ ዝም ብለው ቆመው፣ ተሰጥዎውን ለጥቂት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ትተው ሲመለሱ ማየት እጅግ ያሳዝናል፤ ግእዙን አናውቅም የሚል ምክንያት ቢያቀርቡም፣ ያ ምክንያት አንድ ክረምት ተቀምጦ በመማር የሚወገድ ነው።

ከቅዳሴው ወጥተን ወደ መንደሩ ስንገባ ደግሞ ይኸው ሥርዐት በጽዋ ማኅበር መልክ ይጠብቀናል። በወር በወር በ12 ቅዱስ ሚካኤልን፣ በ21 እመቤታችንን፣ በ27 መድኃኔ ዓለምን፣ ወይም ሌላውን ቅዱስ የሚዘክሩ ጎረቤቶችና ወዳጆች በየተራ በየቤታቸው ይደግሳሉ፤ ተረኛው ጠላውን ጠምቆ፣ ዳቦውን ጋግሮ፣ ቤቱን አጥኖና ጕዝጓዝ ጐዝጕዞ ማኅበርተኞቹን ይቀበላል፤ ካህኑ ጸሎት አድርጎ ዳቦውን ይባርካል፤ ማኅበሩን የሚመራው ሙሴ የቀረውን ሰው ጠይቆ፣ የታመመውን አስታውሶ፣ የተጣላውን ያስታርቃል፤ በመጨረሻም ጽዋው በጨርቅ ተሸፍኖ፣ በእልልታ ታጅቦ፣ ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ይሰጣል። በዚህ ነገር ውስጥ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ፣ ባለጠጋውም ድኻውም አንድ አንድ ተራ ብቻ ያላቸው መሆኑ ነው። ባለጠጋው ገንዘብ ስላለው ብቻ ሁልጊዜ እኔ ልደግስ ቢል ማኅበርተኛው አይፈቅድለትም፤ ድኻይቱም ባልቴት አቅም ስላነሳት ተራዋ ይለፋት ቢባል እንደ ውርደት ትቈጥረዋለች፤ ይልቁንም ማኅበርተኞቹ አንዱ ጌሾውን፣ አንዱ ዱቄቱን፣ አንዱ እንጨቱን አስቀድመው በስውር ልከው፣ በተራዋ ቀን ግን ደጋሽ ተብላ በክብር እንድትቀመጥ ያደርጓታል። እውነተኛ አንድነት እንዲህ ያለው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ኀይለኛው የደካማውን ሸክም ያነሣለታል እንጂ ስፍራውን አይወስድበትም።

ወደ አስተዳደሩ ነገር ስንመጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረችው በመሬቷ ነበር። ለቀዳሽ ሲሶ ይባል በነበረው ልማድ መሠረት ካህናቱ የሰሞን መሬት እየያዙ በሰሞናቸው ያገለግሉ ነበርና፣ ምእመኑ ስለ ካህኑ ምግብ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም። ይህም ጥቅም እንደ ነበረው ሁሉ ጕዳትም ነበረው፤ ብዙው ሰው ቤተ ክርስቲያኑን እንደ ራሱ ቤት ሳይሆን እንደ ካህናቱ ርስት ይቈጥር ነበር። በ1965 ዓ.ም. ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ፣ ካህናቱ፣ ምእመናኑና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶቹ ወኪሎቻቸውን መርጠው አጥቢያቸውን በአንድነት የሚያስተዳድሩበትን የሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤ ሕግ፣ ቃለ ዓዋዲን፣ አወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ ቤተ ክርስቲያን መሬቷን በአንድ ቀን አጣች፤ ብዙዎችም ከእንግዲህ ቅዳሴው ይቆማል ብለው ፈሩ። ነገር ግን ሕጉ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ስለነበረ፣ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በአጥቢያው መዝገብ ተመዝግቦ እንደ አቅሙ ዓመታዊ አስተዋፅኦ መክፈል ጀመረ፤ በመሬት የቆመችው ቤተ ክርስቲያን በሰው ቆመች። አቡነ ቴዎፍሎስ ራሳቸው በደርግ እጅ ተይዘው በ1971 ዓ.ም. ሕይወታቸውን ቢያጡም፣ የተከሉት ሥርዐት እርሳቸውን አልፎ እስከ ዛሬ ቆይቷል፤ ከዘመናችን አባቶች መካከል አርቆ በማሰብ የሚስተካከላቸው ጥቂት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በላይኛው የቤተ ክርስቲያን አመራር ግን የአንድነቱ ነገር እንዲህ የጸና አልነበረም። ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ አራተኛው ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ ከመንበራቸው ተለይተው ሲሰደዱ፣ ቅዱስ ሲኖዶሱ ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል በአገር ቤትና በስደት ተከፍሎ ኖረ፤ በባዕድ አገር ያሉ ምእመናንም በአገር ቤቱ ሥር፣ በስደተኛው ሥርና ገለልተኛ ተብለው በሦስት ተከፈሉ። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. እርቁ ተፈጽሞ አቡነ መርቆሬዎስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሕዝቡ ያፈሰሰው የደስታ እንባ፣ መለያየቱ ምን ያህል ሲያስጨንቀው እንደኖረ ይመሰክራል። አባቶች በተለያዩበት ዘመን ሁሉ በአገር ቤት መንደሮች ጽዋው ከቤት ወደ ቤት መዞሩን አለማቋረጡን ግን መዘንጋት አይገባም።

አሁን በልቤ የሚከብደኝን ነገር ልናገር። ምእመናን ስእለት ሲሳሉ የወርቅ ዘርፍ ያለው ጥላ፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ መስጠትን ይወድዳሉ፤ ስጦታቸውም በእልልታ ተቀባይነት ያገኛል፤ እግዚአብሔር ይቀበላቸው። ዲያቆናቱን የሚያስተምሩት የኔታ ግን ደመወዛቸው ለዘቢብ መግዣ እንኳ የማይበቃ፣ ተማሪዎቻቸውም ቁራሽ እየለመኑ የሚማሩ ናቸው። ጥላው ሲያረጅ ሌላ ይገዛል፤ ልጁ ግን ትምህርቱን ትቶ ለቀን ሥራ ወደ አዲስ አበባ የሄደ እንደ ሆነ አምስተኛውን ልኡክ ከገበያ መግዛት አይቻልም። በገጠር በአገልጋይ እጦት የሚዘጉ አብያተ ክርስቲያናት መኖራቸው የአደባባይ ምሥጢር ሲሆን፣ ሐዘኑን የሚያከብደው ደግሞ ብዙዎቹ ዕቃ ቤታቸው በንዋየ ቅድሳት የተሞላ መሆኑ ነው። በ2013 ዓ.ም. የአጣዬ ከተማ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ብዙ ቤተ ሰብ ቤቱንና እርሻውን ጥሎ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ሌላም ስፍራ ስለተሰደደ፣ ይህ ችግር በይፋት ከቀድሞው ይልቅ የበረታ ሆኗል።

መፍትሔው በማኅበሮቹ እጅ ያለ ይመስለኛል። ማኅበርተኞቹ ዐሥራ ሁለት ከሆኑ ለእያንዳንዱ በዓመት አንድ ተራ ይደርሰዋል፤ ሁሉም ከድግሱ ወጪ ጥቂት ጥቂት ቀንሶ፣ ከጠላውና ከዳቦው ጋር የአንድ ተማሪ የወር ስንቅ ቢያስቀምጥ፣ አንድ ማኅበር አንድ ዲያቆን ዓመቱን ሙሉ ሊያስተምር ይችላል። በአንድ አጥቢያ ሦስት ማኅበር ካለ ሦስቱ ዲያቆናት ተሟሉ ማለት ነው። ለዚህም አዲስ ሕግ ማውጣት ወይም ከሀገረ ስብከት ደብዳቤ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሙሴው በሚቀጥለው ወር፣ ጽዋው ከመነሣቱ በፊት፣ ነገሩን ለማኅበርተኞቹ አቅርቦ፣ በየትኛው ወር ማን ምን ያህል እህል እንደሚያመጣ በመዝገቡ ላይ ቢጽፍ ይበቃል።