ስለ ድግግሞሽ መለወጫ ስያሜና ስለ መመሪያው አተረጓጎም

በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ የውሃ ፓምፕ፣ ወፍጮ፣ ማራገቢያ ወይም የማጓጓዣ ቀበቶ ባለበት ሥፍራ፣ ትንሽ የቁጥር መስኮትና ጥቂት ቁልፎች ያሉት አንድ ሣጥን በግድግዳ ላይ ተተክሎ ማየት እየተለመደ መጥቷል። እንግሊዝኛው ይህን መሣሪያ «ቫሪያብል ፍሪኩዌንሲ ድራይቭ» ይለዋል። ከሣጥኑ ጋር የሚመጣው መመሪያ ወደ አማርኛ ይመለስ ሲባል ተርጓሚው በመጀመሪያ የሚጨነቀው ስለ ስሙ ነው። ጭንቀቱ ተገቢ ቢሆንም፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንፈልገው ከስሙ ይልቅ ግሦቹ የበለጠ የሚያሳስቡ መሆናቸውን ነው። እንግሊዝኛው መመሪያ ድርጊቱን በስም ጠቅልሎ፣ አድራጊውን ሳይጠራ ያልፋል። አማርኛ ግን ብዙውን ጊዜ ነገሩ በራሱ ሆነ፣ ሰው አደረገው፣ ወይስ ሌላ አስደረገው የሚለውን በግሡ ርባታ ሳይለይ አይናገርም። ስለዚህ የመሣሪያውን አሠራር ያልተረዳ ተርጓሚ፣ ምንጩ ያላለውን አድራጊ ሳያስበው ይጨምራል።

አሠራሩ በአጭሩ እንደሚከተለው ነው። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1888 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ዓይነት ሞተር ፍጥነቱ ከመስመሩ ድግግሞሽ ጋር የታሰረ ነው። በአገራችን መስመር ድግግሞሹ 50 ሄርዝ ነው። 4 ዋልታ ያለው ሞተር በዚህ መስመር ላይ ሲሠራ መግነጢሳዊ መስኩ በደቂቃ 1500 ጊዜ ይዞራል፤ ተሽከርካሪው ክፍል ጥቂት ወደ ኋላ ስለሚቀር የሞተሩ ዙር ወደ 1450 ገደማ ይሆናል። ከዚህ የተለየ ፍጥነት የፈለገ ሰው ቀድሞ በማርሽና በቀበቶ ይቸገር ነበር። አዲሱ ሣጥን ግን ከመስመሩ የተቀበለውን ተለዋዋጭ ጅረት በመጀመሪያ ቀጥተኛ ያደርገዋል፤ ቀጥሎ በካፓሲተሮች ውስጥ ያጠራቅመዋል፤ በመጨረሻም በሴኮንድ ሺህ ጊዜያት በሚከፈቱና በሚዘጉ የኤሌክትሮኒክስ በሮች ቆራርጦ፣ የተፈለገው ድግግሞሽ ያለው ሌላ ተለዋዋጭ ጅረት ይሠራለታል። ድግግሞሹ ሲወርድ ቮልቱም አብሮ መውረድ አለበት፤ በ50 ሄርዝ 400 ቮልት የሚቀበል ሞተር በ25 ሄርዝ 200 ቮልት ይበቃዋል። አለበለዚያ የብረቱ ማግኔትነት ከልክ አልፎ ሞተሩ ይግላል።

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። «ቫሪያብል» የሚለውን ብዙዎች «ተለዋዋጭ» ይሉታል። በዚህ አንስማማም፤ ምክንያታችንም ሁለት ነው። አንደኛ፣ «ተለዋዋጭ ጅረት» የሚለው ስያሜ አቅጣጫውን እየቀያየረ ለሚሄደው ጅረት ቀድሞ ተሰጥቷል፤ አንድ ቃል በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ሥራ ሊሠራ አይገባውም። ሁለተኛ፣ ተለዋዋጭ የሚባለው በራሱ የሚለዋወጥ ነገር ነው። ተለዋዋጭ አየር፣ ተለዋዋጭ ጠባይ ስንል የማይታመን ማለታችን ነው። እዚህ ግን ድግግሞሹን የሚለውጠው ሰው ነው፤ ሰው ካልለወጠው በአንድ ልክ ጸንቶ ይቆያል።

«ድራይቭ» የበለጠ ያስቸግራል። «ነጂ» ቢባል ሰው ይመስላል፤ «አንቀሳቃሽ» ቢባል ደግሞ ሞተሩ ራሱ ይሆናል። «አንቀሳቃሹን ከአንቀሳቃሹ ጋር አገናኙ» የሚል ዓረፍተ ነገር የሚወለደው ከዚህ ነው። ሌሎቹ ቋንቋዎች እንዴት እንደ ተወጡት ማየት ይጠቅማል። ጀርመንኛው «ፍሬክቬንትስኡምሪሽተር» ሲል በጅረቱ ላይ የሚደረገውን ይሰይማል፤ ፈረንሳይኛው «ቫርያተር ደ ቪቴስ» ሲል በሞተሩ ፍጥነት ላይ የሚታየውን ውጤት ይሰይማል። ለአማርኛ የጀርመንኛው መንገድ ይሻላል እንላለን፤ ፍጥነት መለወጫ ብዙ ዓይነት ነውና፤ ማርሽም ፍጥነት ይለውጣል። ስለዚህ «ድግግሞሽ መለወጫ» የሚለውን እንመርጣለን። «ድግግሞሽ» በፊዚክስ መጻሕፍት የተለመደ ነው፤ «መለወጫ» ደግሞ እንደ መቁረጫና እንደ መክፈቻ የመሣሪያ ስም በመሆኑ፣ የሚለውጠው ሰው መሆኑን፣ ሣጥኑም መሣሪያው መሆኑን በቅርጹ ይናገራል።

በየሱቁና በየጋራዡ «ኢንቨርተር» የሚለው ስም መሰማቱን አንዘነጋም። ይህን ስም መዋጋት አያስፈልግም፤ ተርጓሚው በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ጊዜ አብሮ ቢጠቅሰው ደግ ነው። ነገር ግን በጥንቃቄ ሲታይ ኢንቨርተር የሣጥኑ ሦስተኛ ክፍል ብቻ ነው፤ ከዚህም በላይ የባትሪን ወይም የፀሐይን ኃይል ለቤት መብራት የሚያበቃው ዕቃ በዚሁ ስም ይጠራል። በግዢ ዝርዝር ላይ «ኢንቨርተር» ብሎ ብቻ የጻፈ ሰው የማይፈልገው ዕቃ ቢመጣለት አይደነቅ።

የተከላውና የሽቦ ቅጠላው ምዕራፍ ስሞች ጥቂት ናቸው። «ኢንፑት» እና «አውትፑት» በሌላ ዘርፍ «ግብዓትና ውጤት» ቢባሉም፣ እዚህ «መግቢያ» እና «መውጫ» ይባሉ። «የውጤት ሽቦ» ለሠራተኛ ትርጉም አይሰጥም፤ በመውጫው በኩል የመስመር ኮረንቲ የተቀጠለበት መለወጫ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል። በመግቢያው ላይ ያሉት አር፣ ኤስ፣ ቲ፣ በመውጫው ላይ ያሉት ዩ፣ ቪ፣ ደብልዩ የተባሉት ፊደላት በትርጉሙ ውስጥ በብረቱ ላይ እንደ ተቀረጹ ይቀመጡ፤ ሠራተኛው የሚያነበው ብረቱን ነውና። የመሬት ሽቦና የመቆጣጠሪያ ምልክቶች የጋራ መመለሻ የሆነው «ኮመን» በአንድ ቃል እንዳይጠሩ መጠንቀቅ ብቻ ይቀራል።

የግሡ ችግር ግን በዚሁ ምዕራፍ ይጀምራል። ብዙ አምራቾች መሣሪያቸው ከባሕር ወለል በላይ ከ1000 ሜትር አልፎ ሲተከል፣ ስስ አየር በደንብ ስለማያቀዘቅዘው፣ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ አቅም እንዲቀነስለት ያዝዛሉ። እንግሊዝኛው ይህን በአንዲት ቃል «ዲሬቲንግ» ይለዋል። «የአቅም ቅናሽ» ተብሎ ቢተረጎም የገበያ ዋጋ ይመስላል። «አቅሙ ይቀንሳል» ቢባል ደግሞ የባሰ ነው፤ አንባቢው መሣሪያው በራሱ የሚቀንስ፣ ከእርሱም ምንም የማይጠበቅ አድርጎ ይረዳዋል። ትእዛዙ ግን ለገዢው ነው። አዲስ አበባ 2350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ በሰሌዳው ላይ 30 አምፔር የተጻፈበት መለወጫ እዚህ 26 አምፔር ያህል ብቻ ተደርጎ ይቆጠራል። ትርጉሙ «አቅሙን ቀንሳችሁ ቁጠሩ» ሊል ይገባዋል።

ለሕይወት የሚያሰጋው ግን ይህ አይደለም። በ400 ቮልት መስመር ላይ የተተከለ መለወጫ በውስጡ ባሉት ካፓሲተሮች ወደ 565 ቮልት የሚጠጋ ቀጥተኛ ኮረንቲ ይይዛል፤ መስመሩ ከተቋረጠም በኋላ ይህ ክምችት ለደቂቃዎች ይቆያል። መመሪያው ለካፓሲተሩ «ዲስቻርጅ» 5 ደቂቃ፣ ለትልልቆቹም ከዚያ በላይ ጊዜ ስጡ ይላል። ይህ ስም አድራጊ የለውም። ተርጓሚው «ካፓሲተሩን ለማራገፍ 5 ደቂቃ ያስፈልጋል» ብሎ ቢጽፍ፣ በሰዋስው ረገድ የሚነቀፍ አንዳች የለውም፤ ነገር ግን ማራገፍ የሰው ሥራ ነው፤ አንባቢውም ጠመንጃ መፍቻውን አንሥቶ ሁለቱን ጫፎች ሊያገናኝ ይችላል። «እስኪራገፍ» የሚለውም በቂ አይደለም፤ የተራገፈ ነገር አራጋፊ አለውና። ስለዚህ አድራጊ የማይሻ ግሥ ይመረጥ፤ «በውስጡ የቀረው ኮረንቲ በራሱ እስኪወጣ ድረስ 5 ደቂቃ ጠብቁ፤ ሳትነኩም በመለኪያ አረጋግጡ»። ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል፤ ግን «በራሱ» የምትለዋ ቃል በምንም ምክንያት አትቀነስ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ግሥ «ማጥፋት» ነው። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የመኪና ሞተርም፣ መብራትም፣ እሳትም እናጠፋለን። በዚህ ልማድ «ስቶፕ» የተባለውን ቁልፍ «ማጥፊያ» የሚል ተርጓሚ አይታጣም። ቁልፉ ግን ሞተሩን ያቆማል እንጂ ሣጥኑን ከኮረንቲ አይለየውም፤ የሞተሩ ዘንግ ቆሞ ሳለ መግቢያውም ውስጡም ኮረንቲ አለው። ጠፋ የተባለ ነገር ደግሞ ለአማርኛ ሰሚ ኮረንቲ የሌለው ነው። ስለሆነም ሞተሩን «ማቆም»፣ ዋናውን መስመር «ማቋረጥ» ተብለው ሁለቱ ድርጊቶች ተለይተው ይጻፉ፤ «ማጥፋት» ከዚህ መመሪያ ጨርሶ ቢወጣ አንጸጸትም።

ወደ ፕሮግራም አሞላሉ ስንመጣ፣ እዚህ «ፕሮግራም ማድረግ» ማለት አዲስ ነገር መጻፍ ሳይሆን የተዘጋጁ ቦታዎችን በቁጥር መሙላት መሆኑ ይታወቅ። «ፓራሜትር» እንዳለ ቢወሰድ እንመርጣለን፤ «መለኪያ» ከተባለ ከመለኪያ መሣሪያ ጋር ይጋጫል። ሠራተኛው በመጀመሪያ ከሞተሩ ሰሌዳ ላይ ቮልቱን፣ አምፔሩን፣ ድግግሞሹንና ዙሩን ገልብጦ ያስገባል። ቀጥሎ የሚመጡት «የመፍጠኛ ጊዜ» እና «የመዝገሚያ ጊዜ» ናቸው። በብዙዎቹ መሣሪያዎች የመፍጠኛ ጊዜ የሚቆጠረው ከዜሮ እስከ ከፍተኛው ድግግሞሽ እንጂ እስከ ተፈለገው ፍጥነት አይደለም። 10 ሴኮንድና 50 ሄርዝ የተሞላበት መለወጫ በ25 ሄርዝ እንዲሠራ ቢታዘዝ በ5 ሴኮንድ ይደርሳል። የመዝገሚያው ጊዜ ከልክ በላይ ካጠረ፣ ከባድ ጭነት ያለው ሞተር ራሱ ኮረንቲ አመንጭቶ ወደ ሣጥኑ ይመልሳል፤ በውስጡ ያለው ቮልትም ይወጣል።

ከፓራሜትሮቹ ሁሉ «ኦቶማቲክ ሪስታርት» የተባለውን ለይተን እናነሣለን። «ዳግም ማስነሣት» ሲባል አስነሺው ሰው ይመስላል። ነገሩ ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ማንም ሳይነካው እንዲነሣ የሚፈቅድ ነው። መብራት በሄደበት ሰዓት የታነቀውን እህል በእጁ የሚያወጣ ወፍጮኛ ይህን ልዩነት በሥጋው ሊያውቀው ይችላል። «መብራት ሲመለስ በራሱ መነሣት» ይባል።

በመጨረሻም መለወጫው በመስኮቱ ላይ ስለሚያወጣው «ፎልት» ጥቂት እንበል። «ብልሽት» ተብሎ ሲተረጎም ባለቤቱ ዕቃው የተበላሸ መስሎት ሌላ ይገዛል። መሣሪያው ግን ራሱንና ሞተሩን ለማዳን ሥራ አቁሟል እንጂ የግድ አልተበላሸም። ሕዝቡ ስለ ብሬከር ሲናገር «ጣለ» የሚላት ቃል ለዚህ ትክክለኛ አቻ ናት። ምክንያቱ ሲነገር ግን «ኮረንቲ በዝቶ ጣለ» አይበቃም፤ ከጣልያንኛ የመጣው «ኮረንቲ» በሕዝቡ አነጋገር ኤሌክትሪክን በሙሉ የሚጠቀልል ስለ ሆነ፣ ጅረቱ ይሁን ቮልቱ አይለይም። «አምፔር በዝቶ ጣለ»፣ «ቮልት በዝቶ ጣለ» ብሎ ለይቶ መጻፍ ይሻላል። የመጀመሪያውን ያነበበ ሠራተኛ ጭነቱንና ሽቦውን ይመረምራል፤ ሁለተኛውን ያነበበ የመዝገሚያውን ጊዜ ያረዝማል።