በሩ ክፍት ነው ብሎ የተናገረ ይከሰሳል ወይ?

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ አንድ የክፍል ጓደኛችን የተማሪዎች ማርክ የተመዘገበበት ኮምፒውተር ያለ ይለፍ ቃል እንደሚከፈት አየ። ምንም ሳይነካ ሄዶ ለአስተማሪ ተናገረ። ምስጋና ሲጠብቅ «ማን ክፈት አለህ?» ተባለና ወላጅ እንዲያመጣ ታዘዘ። ኮምፒውተሩ ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንደዚያው ነበር። ሁላችንም እናውቃለን፤ ከእሱ ወዲያ የተናገረ ግን የለም።

ይሄ ነገር ትዝ ያለኝ ስለ ጀርመን የኮምፒውተር ወንጀል ሕግ ሳነብ ነው። (ስለ ጀርመን የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው የኮምፒውተር ደህንነት ባለሙያ የሚሠራበት መሣሪያ ከሌባው መሣሪያ አይለይም። ለምሳሌ የይለፍ ቃል መሞከሪያ ፕሮግራም አለ። ሥራው ቃላትንና ቁጥሮችን በተራ በተራ እየሞከረ የሚገጥመውን መፈለግ ነው። ሌባው ለመግባት ይጠቀምበታል፤ ጠባቂው ደግሞ ከሠራተኞቹ ውስጥ «123456»ን ይለፍ ቃል ያደረገው ማን እንደሆነ ለማወቅ። ኤንማፕ የሚባለው ሌላው ፕሮግራም የአንድን ኮምፒውተር በሮች እየዞረ ያንኳኳል፤ የትኛው እንደሚመልስም ይመዘግባል። የቁልፍ ሠሪ ዕቃ በሉት። እነዚህን መሣሪያዎች ብዙውን ጊዜ የሚሠሯቸው በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ አንዱ ያገኘውን ቀዳዳ ሌላው እያጣራ፣ ሦስተኛው እየደፈነ በነፃ ይለዋወጧቸዋል።

እንግዲህ ጀርመን በኦገስት 2007 አንቀጽ 202ሐ የተባለውን ሕግ በሥራ ላይ አዋለች። ሰብሮ ለመግባት በመዘጋጀት ለዚሁ ዓላማ የተሠራ ፕሮግራም መሥራት፣ ማግኘት ወይም ማሰራጨት እስከ 1 ዓመት እስራት ያስቀጣል አለ። (በ2015 ወደ 2 ዓመት ከፍ ብሏል።) የሕጉ ምንጭ በ2001 ቡዳፔስት ላይ የተፈረመው የአውሮፓ ምክር ቤት ስምምነት ነው። ስምምነቱ ግን በፈቃድ ለሚደረግ ፍተሻና ለጥበቃ የሚውለው እንደ ወንጀል እንዳይቆጠር በግልጽ ይናገራል። ጀርመኖች አንቀጹን ሲጽፉ ይህን ቃል አላስገቡትም። በእኔ አስተያየት ጣጣው የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ማን ፈራ? ሌባውማ ድሮም ሕግ አይፈራም። የፈሩት ሕግ አክባሪዎቹ ናቸው። ፌኖኤሊት የተባለው የታወቀ የተመራማሪዎች ቡድን መሣሪያዎቹን ከጀርመን ገጹ ላይ አነሳ። ኪስማክ የተባለውን የገመድ አልባ መረብ መፈተሻ ያዘጋጅ የነበረውም በጀርመን ውስጥ መሥራቱን አቆመ። ይባስ ብሎ አንድ መጽሔት የአገሪቱን የኮምፒውተር ደህንነት መሥሪያ ቤት ራሱን ከሰሰ፤ መሥሪያ ቤቱም ይለፍ ቃል መሞከሪያ ፕሮግራም ለሕዝብ ያመላክት ነበርና! ዐቃቤ ሕግ ግን ጉዳዩን አልገፋበትም።

ለእኛ ለመምህርነት ሠልጣኞች የሚቀርበን የሚቀጥለው ነው። ሕጉን በመቃወም ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ካመለከቱት መካከል አንዱ አስተማሪ ነበር፤ ለተማሪዎቹ ደህንነትን ሲያስተምር እንዲህ ያሉትን ፕሮግራሞች የሚያቀርብ። ፍርድ ቤቱ በሜይ 2009 አቤቱታውን አልቀበልም አለ፤ ምክንያቱ ግን ደስ የሚያሰኝ ነበር። ለክፉም ለደግም የሚያገለግል ፕሮግራም በዚህ አንቀጽ አይያዝም፤ ለወንጀል ታስቦ የተሠራ መሆን አለበት ሲል ገለጸ። አስተማሪው እፎይ አለ ማለት ነው። ነገር ግን እስከዚያ ድረስ ሁለት ዓመት ያህል አልፏል።

ያለፈቃድ መግባትን የሚቀጣው አንቀጽ ደግሞ እንዳለ ነው። በ2021 አንዲት ተመራማሪ የሲዲዩ ፓርቲ ለምርጫ ቅስቀሳ የሚጠቀምበት አፕ የሺዎችን የግል መረጃ ለማንም እንደሚያሳይ ደረሰችበትና ለፓርቲው አስታወቀች። ፓርቲው ቀዳዳውን ከዘጋ በኋላ ለፖሊስ አመለከተባት። በ1981 የተቋቋመው ኬዮስ ኮምፒውተር ክለብም «ከእንግዲህ ለሲዲዩ ምንም ቀዳዳ አናመለክትም» ሲል አስታወቀ። ፓርቲው ይቅርታ ጠየቀ፤ ዐቃቤ ሕግም መዝገቡን ዘጋ። ለምን ዘጋው? መረጃው ጨርሶ ስላልተቆለፈ የተሰበረ ነገር የለም ተብሎ ነው። ደካማ ቁልፍ ቢኖርበት ኖሮስ? በ2024 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ቅን ተመራማሪዎችን ነፃ የሚያደርግ ረቂቅ አወጣ፤ ሆኖም መንግሥቱ በመፍረሱ ረቂቁ ሳይጸድቅ ቀረ።

የእኛም አገር የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (ይሄ በራሳችን አቆጣጠር ነው) ያለፈቃድ መግባትን ይቀጣል፤ መቅጣቱም ተገቢ ነው፤ የሰው ገንዘብና ምስጢር መጠበቅ አለበት። ስለዚህ ነገ ኮምፒውተር የምናስተምር ሰዎች ለተማሪ ፍተሻ ከማሳየታችን በፊት ከኮምፒውተሩ ባለቤት በጽሑፍ ፈቃድ እንያዝ። በቃል «እሺ» መባል አይበቃም።

በተቋማችን የኮምፒውተር ክፍል በር ላይ የተለጠፈውን ደንብ ትናንት ቆሜ አነበብኩት። አትንካ፣ አታስገባ፣ አታውጣ ይላል። ጉድለት ያየ ሠልጣኝ ለማን ይንገር የሚል መስመር የለበትም። መምህራኖቻችን አንድ መስመር ቢጨምሩልን፣ የተናገረም እንደማይጠየቅ እዚያው ላይ ቢጻፍልን እንጠይቃለን።