ለ15 ቀን የተዘጋው ትምህርት ቤት

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ ከተገኘ ገና ሦስት ቀኑ ነው፤ በቫይረሱ መያዛቸው የተረጋገጠ ሰዎችም ከአምስት አይበልጡም። በዚያ ዕለት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ትምህርት ቤቶች ለ15 ቀን እንዲዘጉ መወሰኑን አስታወቁ። ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቦርሳውን ይዞ ቤቱ ገባ። በሮቹ እንደገና መከፈት የጀመሩት ግን በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ ነው።

15 ቀን ሰባት ወር የሆነበት ሌላም አገር ሞልቷል። ዩኔስኮ እንደመዘገበው እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ከ190 በሚበልጡ አገሮች ወደ 1.6 ቢሊዮን የሚጠጋ ተማሪ ከክፍል ውጭ ነበር፤ ይህም በዓለም ላይ ከተመዘገበው ተማሪ ከ10 ዘጠኙ ማለት ነው። ለመዝጋት አንድ መግለጫ በቂ ነበር። ምን ሲሟላ፣ በማን ውሳኔ እንደሚከፈት አስቀድሞ የጻፈ አገር ግን ጥቂት ነው። የወላጆች ክርክር መቋጫ ያጣውም ባብዛኛው በዚህ የተነሳ ነው። አንዱ ወላጅ ስለ ልጁ ሳንባ ሲናገር ሌላው ስለ ልጁ ፊደል ይመልሳል፤ ሁለቱም እውነት ይዘዋል፣ የሚዳኛቸው መስፈርት ግን የለም።

ጥያቄው ራሱ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታውና «የኅዳር በሽታ» የተባለው ኢንፍሉዌንዛ በከተማዋ ብቻ ወደ 10 ሺህ ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም በጠና ታመው ነበር። ያን ጊዜ ዘመናዊ ትምህርት ቤት በጣት የሚቆጠር ስለነበር መዝጋት አለመዝጋቱ የብዙ ቤተሰብ ጭንቀት አልሆነም። ከዚያ ዘመን የቀረልን የኅዳር 12 ጽዳትና ጭስ ነው።

ወላጅና ሹም ፊት ለፊት የተፋጠጡት አሜሪካ ውስጥ ነው። በዚያው ወረርሽኝ አብዛኞቹ ትልልቅ ከተሞች ትምህርት ቤት ሲዘጉ ኒውዮርክ፣ ቺካጎና ኒው ሄቨን አንዘጋም አሉ። የኒውዮርኩ የጤና ኮሚሽነር ሮያል ኮፕላንድ ያቀረቡት ምክንያት ዛሬም ቢሆን በቀላሉ አይጣልም። ከከተማዋ አንድ ሚሊዮን ያህል ተማሪዎች 750 ሺህ ያህሉ የሚኖሩት በተፋፈጉና አየር በማይገባባቸው የኪራይ ቤቶች ነው፤ ትምህርት ቤቱ ግን ሰፊና ንጹሕ ነው፣ መምህሩም በየማለዳው እያንዳንዱን ልጅ አይቶ ትኩሳት ወይም ሳል የያዘውን ይለያል፤ ልጁ ቤት ቢውል ይህን ሁሉ ማን ያደርግለታል? ነገር ግን ይህ ክርክር የሚሠራው ነርስና ሐኪም ያለው የትምህርት ቤት ጤና አገልግሎት ባለበት ከተማ ብቻ ነው፤ ኒውዮርክ ደግሞ ይህን ለዓመታት ስትገነባ ቆይታለች። በቺካጎ ብዙ ወላጆች ሹማምንቱ ያሉትን አልሰሙም፤ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ ልጆቻቸውን ቤት አስቀሩ። ባለሥልጣናቱም ለወላጆቹ ፍርሃት «ፍሉፎቢያ» የሚል ስም አወጡለት። ስም ማውጣቱ ግን ባዶውን ወንበር አልሞላውም።

ከ90 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ የሕክምና ታሪክ ምሁሩ ሃዋርድ ማርክልና ባልደረቦቻቸው የ43 የአሜሪካ ከተሞችን የወቅቱን መዛግብት መረመሩ። ትምህርት ቤት መዝጋትን፣ ስብሰባ መከልከልንና ታማሚን መለየትን ቀደም ብለው፣ አጣምረውና ረዘም ላለ ጊዜ የተገበሩ ከተሞች የሞት መጠናቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ያወጣው መመሪያ ለከባድ ወረርሽኝ እስከ 12 ሳምንት መዝጋትን አማራጭ አድርጎ አስቀመጠ። ሌሎች አገሮች ያዘጋጇቸው ዕቅዶችም ዋና ጠላታቸው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ሕፃናትን በብዛት የሚይዝ፣ በእነርሱም አማካይነት ቤት ለቤት የሚዛመት በሽታ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የመጣው የኤች1ኤን1 ጉንፋን ዕቅዱን ለአጭር ጊዜ ፈተነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ታማሚ የተገኘበት ትምህርት ቤት እስከ 14 ቀን ይዘጋ ብሎ መከረ፤ በሽታው እንደተፈራው አለመክፋቱ ሲታይ በቀናት ውስጥ ምክሩን ሳበ። እንዲህ ፈጥኖ ሐሳብን መቀየር በኋላ ብርቅ ሆነ።

ኮቪድ የተለየ ነበር። አረጋውያንን አብዝቶ ሲገድል ሕፃናትን ባብዛኛው በቀላሉ አለፋቸው። ስለዚህ ጥያቄው «ልጄ ይሞትብኛል ወይ?» ከሚለው ወደ «ልጄ ይዞት የሚመጣው ማንን ይገድላል?» ወደሚለው ዞረ። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት አገር ይህ ተራ ልዩነት አይደለም።

ስዊድን ከ16 ዓመት በታች ላሉት ትምህርት ቤት ሳትዘጋ ቀረች፤ ከዚያ በላይ ያሉትን እ.ኤ.አ. ከማርች 2020 አጋማሽ ጀምሮ በርቀት አስተማረች። ይህ ሳይታሰብ ለተመራማሪዎች ማነጻጸሪያ ሆነላቸው። ክፍት በሆኑት ክፍሎች ያስተማሩ መምህራን በርቀት ካስተማሩት የሁለተኛ ደረጃ ባልደረቦቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ በቫይረሱ የመያዝ ዕድላቸው በእጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በወላጆች ላይ የታየው ጭማሪ ግን አነስተኛ ነበር። «ልጆቹ ምንም አይሆኑም» ሲባል መምህሩ ለምን እንደሚቆጣ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ዴንማርክ ሕፃናት ማቆያዎችንና እስከ 5ኛ ክፍል ያሉትን እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2020 መክፈት ስትጀምር ልጄ የኮቪድ መሞከሪያ አይሆንም የሚል የወላጆች ቡድን ፌስቡክ ላይ በአስር ሺዎች የሚቆጠር አባል አፈራ። ያ መክፈቻ ልጆችን በትንንሽ ቡድን በመክፈልና ትምህርቱን እስከ ግቢ በማውጣት ስለተካሄደ የተፈራው አልደረሰም። እስራኤል በበኩሏ በግንቦት ክፍሎቹን ያለ ቁጥር ገደብ ከፈተች። ወዲያው ኃይለኛ ሙቀት መጣና ተማሪዎች ጭምብል እንዲያወልቁ ተፈቀደ። ትምህርት በተጀመረ በ10 ቀን ውስጥ በአንድ የኢየሩሳሌም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወረርሽኝ ተነሣ፤ በምርመራ 153 ተማሪዎችና 25 ሠራተኞች ተይዘው ተገኙ። ዝጉ የሚሉትም ክፈቱ የሚሉትም እነዚህን ሁለት አገሮች እየመረጡ ይጠቅሱ ነበር። ሁለቱም ግን ከፍተዋል፤ የተለያዩት በአከፋፈታቸው ነው።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ክርክሩ መጀመሪያ የመጣው በጤና በር አይደለም፤ በገንዘብ በር ነው። የግል ትምህርት ቤት ወላጅ «ያልተማረበትን ለምን እከፍላለሁ?» አለ። ባለቤቶቹ የመምህራን ደመወዝና የሕንፃ ኪራይ አልቆመም ሲሉ መለሱ። ከ50 እስከ 75 በመቶ የሚሆነው የወር ክፍያ እንዲከፈል ቢወሰንም ጭቅጭቁ አልበረደም። ትምህርት ቤቶቹ በቴሌግራም ወርክሺት እየላኩ «እያስተማርን ነው» ሲሉ፣ ወላጁ ከሥራ ደክሞ ገብቶ በአንድ ስልክ የሦስት ልጆችን የቤት ሥራ ሲያሠራ ያመሽ ነበር። ያም ሆኖ እነዚህ የተሻለ ዕድል የነበራቸው ናቸው።

ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የአንደኛ ደረጃው በሬዲዮ፣ የሁለተኛ ደረጃው በቴሌቪዥን እንዲተላለፍ ተደረገ። ያን ጊዜ ከአገሪቱ ሕዝብ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ግማሽ ያህሉ ነበር። ሬዲዮ ያለው ቤትም ቢሆን ልጁ ከብት ጥበቃ ላይ ሳለ ትምህርቱ ያልፈዋል። የአዲስ አበባ አስተዳደር 300 ሺህ ለሚሆኑ ተማሪዎች የምገባ ፕሮግራም ከጀመረ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር፤ ለነዚህ ልጆች ትምህርት ቤት መሄድ መብላትም ነበር። ገጠር ውስጥ ደግሞ ክፍል መግባት ለሴት ልጅ «ገና ተማሪ ነች» ብሎ ሽማግሌ መመለሻ ነው። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ያ መልስ ጠፋ፤ በአማራ ክልል ባለሥልጣናት በዚያ ክረምት በመቶዎች የሚቆጠሩ ያለዕድሜ ጋብቻዎችን ማስቆማቸውን ተናግረዋል። ሳይታወቁ የተፈጸሙትን የቆጠረ የለም።

ሴራሊዮን ይህን ቀድማ አይታው ነበር። በኢቦላ ምክንያት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 መከፈት የነበረባቸው ትምህርት ቤቶች እስከ ኤፕሪል 2015 ተዘግተው ቆዩ። በሩ ሲከፈት በመካከሉ ያረገዙ ልጃገረዶች እንዳይገቡ ተከለከሉ። ክልከላው የተነሣው እ.ኤ.አ. በማርች 2020 መጨረሻ፣ ኮቪድ ትምህርት ቤቶቹን እንደገና ባስዘጋበት በዚያው ሳምንት ነው።

«ክፈቱ» ባዩ ሁሉ ግን ድሃ፣ «ዝጉ» ባዩ ሁሉ ሀብታም አልነበረም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2020 ወላጆችን ሲጠይቅ በመስከረም ትምህርት ቤት ይከፈት ያሉት ነጭ ወላጆች 62 በመቶ ሲሆኑ ጥቁር ወላጆች 46 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፦ ቫይረሱ አብዝቶ የገደለው የጥቁሮችንና የላቲኖችን ቤተሰብ ነው፤ ከቤት ሆኖ የመሥራት ዕድልም የነርሱ አልነበረም። ዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ታክሲ ለሚያሽከረክር፣ በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ ለሚሠራ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ክርክሩ በዚህ መልክ ነው የደረሰው፦ ልጁ ቤት ቢውል የሚጠብቀው የለም፤ ትምህርት ቤት ቢውል አብራቸው ለምትኖረው ለልጁ አያት ይፈራል።

መስፈርት አስቀድሞ የጻፈም ከነቀፋ አላመለጠም። የኒውዮርክ ከንቲባ ቢል ደብላዚዮ በከተማዋ ከተመረመሩት ውስጥ የሚያዘው በሰባት ቀን አማካይ 3 በመቶ ከደረሰ ትምህርት ቤት ይዘጋል ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ቁጥሩ ደረሰና በቃላቸው ዘጉ። ምግብ ቤትና ጂምናዚየም ግን ክፍት ነበሩ፤ በትምህርት ቤቶቹ ውስጥ በሚደረገው ምርመራ የሚያዘውም ከከተማው አማካይ እጅግ ያነሰ ነበር። ወላጆች አደባባይ ወጡ። ከሦስት ሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ የትንንሾቹ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ የ3 በመቶው መስፈርት ተጣለ። ቢያንስ ግን ወላጁ የሚሟገተው የታወቀ ቁጥር ነበረው።

ኢትዮጵያ ስትከፍት በደረጃ ነው የከፈተችው። ከጥቅምት 9 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በገጠር ወረዳዎች፣ ቀጥሎ በዞንና በክልል ከተሞች፣ በመጨረሻም በጥቅምት ማብቂያ በአዲስ አበባ። ከሚኒስትሪና ከማትሪክ ተፈታኞች በቀር ሌላው ተማሪ ያለ ዓመት መጨረሻ ፈተና ወደ ቀጣዩ ክፍል አልፏል። በወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቶች ስብሰባ ላይ የተነሣው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ ከ60 በላይ ተማሪ በሚታጨቅበት ክፍል ርቀት እንዴት ይጠበቃል? ውኃ የሌለው ትምህርት ቤት እጅ የሚያስታጥበው በምን ነው? መልሱ ፈረቃ ነበር፤ ልጆቹ እየተፈራረቁ መማር ያዙ። 12ኛ ክፍልም የተራዘመውን ፈተና የካቲት 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀመረ። በትግራይ ግን በሩ ሳይከፈት ጥቅምት 25 ጦርነት ተነሣ፤ እዚያ ብዙው ልጅ ወደ ክፍል የተመለሰው በ2015 ዓ.ም. ነው።

በ2013 ዓ.ም. መጋቢት በአንድ ቀን ከ2 ሺህ በላይ ሰው በቫይረሱ ሲያዝ ትምህርት ቤቶች በአገር አቀፍ ደረጃ አልተዘጉም። አምስት ሰው ሲያዝ የተዘጋው በሺዎች ሲያዝ ክፍት መሆኑ ለብዙ ወላጅ ግራ ነበር። ሆኖም በመካከሉ ስለ በሽታው የታወቀውና ስለ መዝጋት ዋጋ የታየው ብዙ ነው፤ ስህተት ሊባል የሚገባው የመጀመሪያው ጥንቃቄ ሳይሆን ውሳኔው በየወሩ ለወላጅ እየተብራራ አለመመርመሩ ይመስላል።

ዋጋውን አብዝታ የከፈለችው ዩጋንዳ ናት። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ዘግታ፣ በከፊል ከፍታ፣ እንደገና ዘግታ፣ ሙሉ በሙሉ የከፈተችው ጃንዋሪ 10 ቀን 2022 ነው። ወደ 15 ሚሊዮን ተማሪ ነው የተነካው፤ የአገሪቱ ብሔራዊ ፕላን ባለሥልጣን ከተማሪዎቹ 30 በመቶ ያህሉ ላይመለሱ ይችላሉ ብሎ ገምቶ ነበር። ያ ዓመት ሳያልቅ ኢቦላ ገባ። በካምፓላ፣ በዋኪሶና በሙቤንዴ ተማሪዎች ተይዘው ስምንት ልጆች ሞቱ። ወላጆች እንደገና ለሁለት ተከፈሉ፦ ልጆቹ ቢሰናበቱ በሽታውን ወደየመንደሩ ይወስዱታል፣ ቢቆዩ ደግሞ በክፍልና በማደሪያው ይዛመታል። የትምህርት ሚኒስትሯ ጃኔት ሙሴቬኒ በኖቬምበር መጀመሪያ የሰጡት መግለጫ ግን ከ2020ው የተለየ ነበር። የተማሪዎቹ ስንብት ኖቬምበር 25 መሆኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ቀድሞ ተነገረ፤ የተቀነሰውም ከትምህርት ዘመኑ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ብቻ ነው። አዲሱ የትምህርት ዘመን በፌብሩዋሪ 2023 ተጀመረ።