ቤታቸውን እየጎተቱ የሚሠሩ ነርሶች

አሜሪካ ውስጥ አንድ ሆስፒታል ነርስ ሲያንሰው ቋሚ ሠራተኛ እስኪያገኝ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ወደ ኤጀንሲ ይደውላል። ኤጀንሲው ከሌላ ግዛት ነርስ ይልክለታል። እሷም አብዛኛውን ጊዜ 13 ሳምንት ትሠራለች፤ ሲያልቅ ወይ ኮንትራቷን ታድሳለች ወይ ወደ ሌላ ከተማ ታቀናለች። ትራቨል ነርስ የምትባለው ይህች ናት። ከእነዚህ ነርሶች መካከል በየሦስት ወሩ የሚከራይ ክፍል ማደን የሰለቻቸው፣ ቤታቸውን ይዘው የሚዞሩ አሉ። ቤታቸው አርቪ ነው፤ አልጋ፣ ማብሰያ፣ መጸዳጃና መታጠቢያ ያለው፣ በራሱ ሞተር የሚሄድ ወይም በፒክአፕ የሚጎተት መኖሪያ።

የሥራው ታሪክ ሲነገር መነሻ የሚደረገው ብዙውን ጊዜ የ1978 የኒው ኦርሊንስ ማርዲ ግራ በዓል ነው (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ከተማዋ በእንግዳ ስትጥለቀለቅ ሆስፒታሎች ከሌላ አካባቢ ነርሶች አስመጡ ይባላል። ያ ጊዜያዊ መላ ዛሬ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። ፍላጎቱም ወቅት አለው። የብርዱ ወራት ሲገባ የሰሜኑ ጡረተኞች ወደ ፍሎሪዳና ወደ አሪዞና ይወርዳሉ፤ የዚያ ሆስፒታሎችም አብረው ይጨናነቃሉ። ካሊፎርኒያ ደግሞ አንዲት ነርስ በአንድ ጊዜ ስንት ታካሚ መያዝ እንደምትችል ከ2004 ጀምሮ በሕግ ወስናለች፤ በፅኑ ሕሙማን ክፍል ከሁለት መብለጥ አይፈቀድም። ስለዚህ ሰው ሲጎድል ሥራውን ለቀሩት አከፋፍሎ ማለፍ አይቻልም፤ ነርስ መምጣት አለባት። በኮቪድ ጊዜ ሳምንታዊው ክፍያ እጅግ አሻቅቦ ብዙዎች ቋሚ ሥራቸውን ለቀው ወጡ። ክፍያው በኋላ ወርዷል፤ አኗኗሩ ግን አልቀረም።

አኗኗሩን ለመረዳት ሥራውን ማየት ያስፈልጋል። የተለመደው በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን 12 ሰዓት ነው፤ ብዙ ጊዜም ሌሊት። ቋሚ ሠራተኛ ሳምንታት የሚሰጣት የማለማመጃ ጊዜ ለትራቨል ነርስ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቢሆን ነው። መድኃኒቱ የት እንደሚቀመጥ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ትእዛዝ እንዴት እንደሚገባ፣ የትኛው ሐኪም ሌሊት ሲደወልለት እንደሚመልስ፣ ሁሉንም በሩጫ ላይ ትማራለች። ሌላ ክፍል ሰው ካነሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድማ የምትላከው እሷ ናት። እንዲህ ሆና የዋለች ወይም ያደረች ሴት ተመልሳ የምትገባው የማታውቀው ሰው ቤት፣ የማታውቀው ፍራሽ ላይ ከሆነ ድካሙ እጥፍ ይሆናል። አርቪ የሚሰጣት ትልቁ ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ሥራ ቦታዋ ሁሉም ነገር ቢለዋወጥም ትራሷ፣ ድስቷና የምትጸልይበት ጥግ አይለወጡም። ሆስፒታሉ ታካሚ ቀነሰብኝ ብሎ ኮንትራቷን በመሃል ቢሰርዝባትም፣ ይህም ይደርሳል፣ የቤት ኪራይ ውል አፍርሳ ቅጣት አትከፍልም። ታስርና ትሄዳለች።

ተሽከርካሪዎቹ ብዙ ዓይነት ናቸው፤ ብዙዎቹ የሚመረቱት ኢንዲያና ውስጥ በኤልክሃርት ከተማና በአካባቢዋ ነው። አውቶቡስ የሚያክል፣ የራሱ ሞተር ያለው አለ፣ በቫን ላይ የተሠራ አለ፣ በፒክአፕ ጭነት ማስቀመጫ ላይ ተቆልፎ የሚጎተት ፊፍዝ ዊል የሚባል አለ። ለነርስ ተጎታቹን እመርጣለሁ። ቤቱ የአርቪ ማቆሚያ ፓርክ ውስጥ ይቆማል፣ ፒክአፑ ተፈትቶ ወደ ሥራ ይነዳል። የሞተሩ ዓይነት ሲሆን ግን ሥራ ለመሄድ ሌላ መኪና ከኋላ ማሰር ያስፈልጋል፤ ሞተሩ ጋራዥ ሲገባም ቤቱ አብሮ ይገባል።

ውስጡ ሦስት ታንከር አለ፤ ለንጹሕ ውኃ፣ ለመታጠቢያና ለዕቃ ማጠቢያ ፍሳሽ፣ ለመጸዳጃ። ጀማሪ ብዙ የሚሳሳተው በሦስተኛው ላይ ነው። ፓርኩ የፍሳሽ መስመር ስላለው የመጸዳጃውን ማስወጫ ሁልጊዜ ከፍቶ መተው የሚቀል ይመስላል፤ እንደዚያ ሲደረግ ፈሳሹ ሄዶ ደረቁ ታንከሩ ውስጥ ይጋገራል። ተዘግቶ እስኪሞላ መጠበቅ፣ መጀመሪያ እሱን መልቀቅ፣ ቀጥሎ የመታጠቢያውን ለቅቆ ቱቦውን ማጠብ ነው ደንቡ።

መብራትም ሥርዓት አለው። ባለ 30 አምፒር መስመር በ120 ቮልት 3,600 ዋት ብቻ ይሰጣል። ኤሲው እየሠራ የእንጀራ ምጣድ ሰክተው ማይክሮዌቭ ከጨመሩ ብሬከሩ ይወርዳል። እንጀራ ለሚጋግር ሰው ባለ 50 አምፒሩን መግዛት ይሻለዋል። በዚህ አጋጣሚ ለወገኖቼ አጥብቄ የምናገረው አለኝ፤ አርቪ ውስጥ ለቡናም ሆነ ለዕጣን ከሰል ፈጽሞ አያቀጣጥሉ። ክፍሉ ጠባብና የታፈነ ነው፤ የከሰል ጭስ ሽታ በሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ተኝተው እንዳሉ ይገድላል። የጋዙን ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ባትሪ መፈተሽም የዘወትር ሥራ ይሁን።

ብርድ ሌላው ፈተና ነው። በሚኒሶታ ወይም በኮሎራዶ ጥር ወር ላይ ቱቦው ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ይሆናል፤ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ቱቦና የወለሉን ሥር ከነፋስ የሚከልል መጋረጃ ያስፈልጋል፤ ለማሞቂያው የሚሆነው ፕሮፔንም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ አዋቂዎቹ ብርዱን ደቡብ፣ ሙቀቱን ሰሜን ያሳልፋሉ። ችግሩ በብርዱ ወራት ሆስፒታሎቹን የሚያጨናንቁት ጡረተኞች ብዙዎቹ ራሳቸው አርቪ ይዘው የሚወርዱ መሆናቸው ነው። ሥራው በሚበዛበት ወር ማቆሚያው ይሞላል። አንዳንድ ፓርኮች ደግሞ ከ10 ዓመት በላይ ያገለገለ አርቪ አያስገቡም። ሌሊት የምትሠራ ነርስ ከመግቢያው በርና ከልጆች መጫወቻው ራቅ ያለ ቦታ ትጠይቅ፤ ግድግዳው ስስ ነው፣ የቀን እንቅልፍ በቀላሉ ይሰበራል።

የሥራ ፈቃዱ ነገር ለብዙዎች ቀሏል። በግዛቶች ስምምነት መሠረት አንድ የነርስ ፈቃድ ከ40 በሚበልጡ ቦታዎች ያሠራል። ወገኖቻችን የሚበዙባቸው ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ቴክሳስና ዋሽንግተን ግዛት ውስጡ ናቸው። ካሊፎርኒያና ኒው ዮርክ ግን የየራሳቸውን ፈቃድ ይጠይቃሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ግብሩ ነው። የትራቨል ነርስ ክፍያ ሁለት ክፍል አለው፤ ግብር የሚቆረጥበት የሰዓት ደመወዝ፣ እና ለቤትና ለምግብ ተብሎ ከግብር ነፃ የሚሰጥ አበል። ክፍያው የሚያጓጓው በአበሉ ምክንያት ነው። አበሉ ነፃ የሚሆነው ግን ነርሷ ትታው የመጣችው፣ እየከፈለችበት ያለ ቋሚ መኖሪያ ወይም መደበኛ የሥራ አካባቢ ካላት ነው። የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት ሁለቱም የሌሉትን ሰው ተንከራታች ሠራተኛ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ የሚሠራበት ቦታ ሁሉ ቤቱ ነው፣ ስለዚህ አበሉ ሙሉ በሙሉ ግብር ይከፈልበታል። ቤቷን ሸጣ፣ ሁሉን ትታ አርቪ ውስጥ የገባች ነርስ እዚህ ላይ ትወድቃለች። ደቡብ ዳኮታ፣ ቴክሳስ ወይም ፍሎሪዳ የፖስታ አድራሻ መክፈት የግዛት ገቢ ግብር ሊያስቀር ይችላል፤ የፌዴራሉን ጥያቄ ግን አይመልስም። በነርሶች መካከል የሚነገረው፣ ከቤት 50 ማይል ከራቁ አበሉ ነፃ ነው የሚባለው ደንብም በግብር ሕጉ ውስጥ የለም። ከአንድ ዓመት በላይ ይቆያል ተብሎ የታሰበ ሥራም እንደ ጊዜያዊ አይታይም።

ስለዚህ ይህ ኑሮ የሚያዋጣው በሜሪላንድም ይሁን በዳላስ እውነተኛ መሠረት ላላት፣ የራሷን የቤት ወጪ ለምትከፍል፣ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ለማይጠብቃት ነርስ ነው። መሠረት የሌላትም ልትኖረው ትችላለች፤ ግን ሒሳቡን ከግብር በኋላ በሚተርፈው ገንዘብ ትሥራ።

ሐሳቡ ካለዎት ለአንድ ኮንትራት ያህል አርቪ ተከራይተው ይሞክሩት። ከኤጀንሲው ጋር ከመፈረምዎ በፊት ፓርኩ ቦታ እንዳለው ይጠይቁ፣ የተረጋገጡ የሥራ ሰዓቶች በውሉ ላይ መስፈራቸውን ያረጋግጡ፣ የትራቨል ነርስ ግብር የሚያውቅ ባለሙያ ያነጋግሩ። እሱ ቁጥሩን ጽፎ ሳይሰጥዎት ቤትዎን አይሽጡ።