ጥርስ የሌለው የጣና አዳኝ

ነጭ ሻርክን በቅርብ ማየት የሚሻ ሰው ደቡብ አፍሪካ ወርዶ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሆኖ ባሕር ይገባል። የጣና አዳኝ ዓሦች ግን በዚህ መንገድ አይታዩም፤ በተለይ በክረምት ጎርፉ አፈር ይዞ ስለሚገባ ውሃው ይደፈርሳል። ተመራማሪው የሚያያቸው በመረብ ነው።

የዓሦቹ ነገር የሚጀምረው ከእኛው ደጋ ነው። በጋይንት፣ በእስቴና በፋርጣ መካከል የተዘረጋው ጉና ተራራ ዝናቡን ያከፋፍላል። የጋይንትና የስማዳ ጎርፍ በአብዛኛው በበሽሎ በኩል ወደ ዓባይ ገደል ይወርዳል፤ በምዕራብ በኩል ግን ጉማራና ርብ ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ጣና ውስጥ ከሚኖሩት ትልልቅ አዳኞች ብዙዎቹ የሚወለዱት እንደ እነዚህ ባሉ ወንዞች ጠጠር ላይ ነው።

የአካባቢው ሰው ነጭ ዓሣ ይላቸዋል፤ ሳይንሱ ሌቢዮባርበስ። በጣና ብቻ የሚገኙ 15 ያህል ዝርያዎች ሲኖሩ፣ 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው ይበላሉ። ይህ እጅግ የሚያስገርም ነው፤ ምክንያቱም የዚህ ወገን ዓሣ መንጋጋው ላይ ጥርስ፣ ሆዱም ውስጥ ጨጓራ የለውም። ያሉት ጥርሶች ጉሮሮው ውስጥ ናቸው። ያሳደደውን ትንሽ ዓሣ ነክሶ መያዝ ስለማይችል በአፉ ስቦ ይውጠዋል። እንዲህ ያለ ፍጥረት አዳኝ ለመሆን የበቃው 40 ሜትር ገደማ የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ መንገዱን ስለዘጋ ይመስለኛል። ናይል ፐርችን የመሰሉ ጥርሳም አዳኞች ወደ ሐይቁ አልወጡም፤ ቦታው ባዶ ነበር። በፊሊፒንስ ላናዎ ሐይቅ የዚሁ ወገን የሆነ ተመሳሳይ የዝርያዎች ስብስብ ነበረ፤ ከውጭ የገቡ ዓሦችና ያለ ልክ ማጥመድ አጠፉት። አሁን በዓለም ከእንዲህ ያለው ስብስብ የቀረው የጣናው ነው።

በባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎችና ከኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ተመራማሪዎች የሠሩበት ዘዴ ቀላል፣ ግን አድካሚ ነው። ዓይናቸው የተለያየ ስፋት ያላቸው መረቦች ሲመሽ ይዘረጋሉ፤ ሲነጋ ይነሳሉ። እያንዳንዱ ዓሣ ይለካል፣ ይመዘናል፤ ከዚያ ሆዱ ተከፍቶ ምን እንደበላና እንቁላሉ ምን ያህል እንደደረሰ ይታያል። ከሐምሌ ጀምሮ የወንዞቹ አፍ አካባቢ የሚነሳው መረብ እንቁላል በያዙ ዓሦች ይሞላል። ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ በየተራቸው ወደ ላይ ወጥተው፣ ንጹሕ ውሃ በሚያልፍበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ።

አጥማጁም ይህንን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከመጡ ወዲህ የወንዝ አፍ ምርጥ ማጥመጃ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የነጭ ዓሣው ምርት በሦስት አራተኛ ገደማ ወደቀ። ዓሣ ለማደንዘዝ በየወንዙ የሚበተነው የብርብራ ፍሬ፣ ከወንዝ ዳር የሚዛቀው አሸዋና ጠጠር፣ ከተራቆተ ተዳፋት የሚወርደው ደለል ደግሞ መራቢያውን ያበላሹታል። የጉና ቁልቁለት ላይ የሚሠራ እርከን ከማሳው ባሻገር ጠጠሩንም ከደለል ያድናል ብዬ አምናለሁ።

በእኔ አስተያየት አስቸኳዩ ነገር ከሐምሌ እስከ መስከረም በጉማራና በርብ አፍ መረብ እንዳይዘረጋ ማድረግ፣ ለእነዚያ ወራትም አጥማጁ ሌላ ገቢ እንዲያገኝ መርዳት ነው። ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ለመራባት የሚደርሰው ከዓመታት በኋላ ነው። በአንድ ክረምት የወንዝ አፍ ላይ የተያዘችው እናት በሚቀጥለው ክረምት አትተካም።